የሙታን ባቡርና የሀዲድ ዳር ወሬዎች

የሙታን ባቡር የሚባለው ሌሊት ሲያልፍ ታየ፣ ፊሽካው ተሰማ ተብሎ የሚወራለት ግን ጠዋት ሲጠየቅ ማንም ያልላከው ባቡር ነው። ከሱ ጋር አብረው የሚሄዱ ወሬዎችም አሉ፣ ፋኖስ ይዞ ሀዲድ ላይ የሚዞር ሰው፣ ነጭ የለበሰች ሴት የምትታይበት ጣቢያ ምናምን። በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላላገኘሁት ነው የጻፍኩት። የምኖረው ጅማ ነው፣ ጅማ ሀዲድ ኖሮት አያውቅም፣ የባቡር ወሬ ግን አላጣንም።

በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የአሜሪካው ነው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1865 ሲገደሉ አስከሬናቸው ከዋሽንግተን እስከ ስፕሪንግፊልድ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር ነው የተጓዘው፣ ሕዝቡም በየከተማው ሀዲድ ዳር ወጥቶ ነው የሸኛቸው። ከዛ በኋላ ኒውዮርክ ግዛት ኦልባኒ አካባቢ ያሉ የሀዲድ ሠራተኞች በየዓመቱ አስከሬናቸው ባለፈበት ወር ሌሊት ጥቁር የለበሰ ባቡር ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፣ ሲያልፍ የሰው ሰዓት ሁሉ ቀጥ ይላል ማለት ጀመሩ። ሌላው ኖርዝ ካሮላይና ያለው የቦስቲያን ድልድይ ነው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 1891 ባቡር ከድልድዩ ወድቆ ከ20 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ በየዓመቱ በዛች ሌሊት የአደጋው ድምፅ ይሰማል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ይሄንኑ ለማየት ድልድዩ ላይ የወጡ ሰዎች እውነተኛ ባቡር ደርሶባቸው አንዱ ሞቷል። እና ነገሩ ተረት ነው ተብሎ ሀዲድ ላይ አይወጣም።

ለኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ የጃፓኑ ነው፣ ምክንያቱም የኛን አገር ተረት ይመስላል። ጃፓን የመጀመሪያውን ባቡር እ.ኤ.አ. በ1872 ከቶኪዮ ዮኮሃማ ዘረጋች። ብዙም ሳይቆይ ሾፌሮቹ ሌሊት ሲነዱ ከፊት ለፊታቸው በዛው ሀዲድ ሌላ ባቡር መብራቱን አብርቶ እየጮኸ ሲመጣ ያያሉ፣ ደንግጠው ፍሬን ይይዛሉ፣ ሲቆሙ ምንም የለም። ይሄ እየተደጋገመ ሲሄድ አንዱ ሾፌር የመጣው ይምጣ ብሎ ሳያቆም ጥሶት ያልፋል፣ ግጭት የለ ምን የለ። ሲነጋ ሀዲዱ ዳር የተገኘው የሞተ ታኑኪ ነው፣ ታኑኪ ማለት ቀበሮም ውሻም የሚመስል የጫካ አውሬ ነው፣ ጃፓኖች መልኩን ይቀያይራል ይላሉ። እኛ ጋር ሌሊት ሰው ጅብ ይሆናል እንደሚባለው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እዛ አውሬው ባቡር መሆኑ። ቶኪዮ ካሜአሪ የሚባል ሰፈር አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ለነዚህ አውሬዎች መታሰቢያ ቆሟል። እኔ ሳስበው ጫካቸው በሀዲድ ለሁለት የተከፈለባቸው አውሬዎች ሐዘን ነው ተረቱ ውስጥ ያለው።

ሕንድ ዌስት ቤንጋል ውስጥ ቤጉንኮዶር የሚባል ጣቢያ ደግሞ ነጭ ሳሪ የለበሰች ሴት መንፈስ ታየች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1967 ተዘግቶ የተከፈተው በ2009 ነው፣ 42 ዓመት ሙሉ። ስዊድን ስቶክሆልም ቀለም ያልተቀባ ብርማ የምድር ውስጥ ባቡር ነበራቸው፣ እሱን የተሳፈረ አይመለስም ይሉ ነበር።

የሚታየው መብራት ምንድነው ለሚለው ካናዳ ሴንት ሉዊስ የምትባል ቦታ በድሮ ሀዲድ ላይ የሚታየው ብርሃን ከሩቅ የሚመጣ የመኪና መብራት ነው ብለው ተማሪዎች ሞክረው አሳይተዋል፣ የሌሎቹ ግን ሁሉም መኪና ነው ማለት ይከብዳል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የባቡሩ ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስና አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ተሰጠ፣ ድሬዳዋ በ1895 ደረሰ፣ አዲስ አበባ በ1909 ገባ፣ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር። ሕዝቡም «ባቡሩም ሰገረ ስልኩም ተናገረ፣ ምኒልክ ነቢይ ነው ልቤ ጠረጠረ» ብሎ ገጠመ። እዚህ ጋር ሰገረ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፣ የሚሰግረው በቅሎ ነው፣ ገጣሚው የብረቱን ጉድ በሚያውቀው በበቅሎ ነው የለካው። ቃሎቹም አብረው ገቡ፣ ለገሀር ከፈረንሳይኛው ላ ጋር፣ ፉርጎም ከዛው ከፈረንሳይኛ፣ ሀዲድ ከዓረብኛው ብረት። በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር አዋሽ ላይ ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፣ ይሄን በመንፈስ ወሬ አላዋዛውም፣ የሞቱት ቤተሰቦች ዛሬም አሉ።

ጅማን በተመለከተ፣ በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበር፣ ከዛም ዘመን ጀምሮ ቡናችን በበቅሎ፣ ኋላም ግቤን በሚሻገር መኪና እየተጫነ ሸገር ይደርስና ከዛ በባቡር ጅቡቲ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ባቡሩ ወደ ጅማ ባይመጣም ጅማ ባቡሩ ላይ ነበረች ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጊዜ ከአዲስ አበባ በኢጃጂ፣ በጅማና በጉራፈርዳ አድርጎ ዲማ የሚደርስ መስመር ካርታ ላይ ተሰምሮ ነበር፣ አልተሠራም። ሽማግሌዎች አሁንም «ባቡሩ ሲመጣ» እያሉ ነው የሚያወሩት፣ እንደሚመጣ ዘመድ።

የኔዋ የሙታን ባቡር ግን ሌላ ናት። አያቴ የእህል ወፍጮን ባቡር ነው የምትለው፣ በብዙ ቦታ የድሮ ሰው እንደዛ ነው የሚለው፣ ሞተር ሁሉ ባቡር ነበርና። ልጅ ሆኜ አዌቱ ወንዝ አጠገብ እንኖር ነበር፣ ማታ ከወንዙ ማዶ ቱክ ቱክ ቱክ የሚል ይሰማል፣ ምንድነው ስላት «ባቡሩ ነው፣ ተኛ» ትለኛለች። እኔም ተረት ላይ የሰማሁት ባቡር ፉርጎውን እየጎተተ በጅሬን ኮረብታ ስር ሲያልፍ እያየሁት ነበር የምተኛው። ወፍጮው ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ አያቴም የለችም፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ከአዌቱ ማዶ የሚሰማኝ እሱ ነው።