የደም ካንሰር «ጠፍቷል» ተብሎ እንዴት ያገረሻል?

ሐኪሙ «ሬሚሽን ገብቷል» ሲል ቤተሰብ እልል ይላል። እልልታው ተገቢ ነው፤ ቃሉ ግን «ድኗል» ማለት አይደለም። በአጣዳፊ የደም ካንሰር ሬሚሽን የሚባለው በማይክሮስኮፕ ሲታይ በመቅኒ ናሙናው ውስጥ ያሉት ያልበሰሉ ሴሎች ከ5 በመቶ በታች ሲወርዱና የደም ቆጠራው ሲመለስ ነው። ማይክሮስኮፕ የማይደርስባቸው ሚሊዮኖች ተደብቀው ሊቀሩ ይችላሉ። ከ10,000 ሴል መሀል አንዷን የሚለይ ምርመራ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው።

የተረፉት ሴሎች ሲባዙ «አገረሸ» ይባላል። እዚህ ጋ ዋናው ጥያቄ «መቼ?» ነው። በልጆች ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ (አንዱ የአጣዳፊ የደም ካንሰር ዓይነት)፣ በሽታው በታወቀ በ18 ወር ውስጥ መቅኒ ላይ ካገረሸ ከባድ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ከሆነ ግን ብዙዎቹ እንደገና ይድናሉ። አዋቂዎች ላይ ነገሩ ይከፋል፦ ኬሞ (የካንሰር ሴል ገዳይ መድኃኒት) ዋናው ሕክምና በነበረበት ዘመን፣ ካገረሸባቸው በኋላ 5 ዓመት የቆዩት ከ10 አንድ ገደማ ነበሩ። የአዋቂ በሽታ በባሕርይው መድኃኒት ይለምዳል፤ ሰውነታቸውም የልጅን ያህል ኬሞ አይችልም።

«የ5 ዓመት ሕልውና» የሚለውም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሰውዬው የቀረው 5 ዓመት ነው ማለት እኮ አይደለም! ከ5 ዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት ተገኘ የሚል ቆጠራ ነው። ቆጠራው ደግሞ የትናንት ሕክምና ውጤት ነው። ለምሳሌ ይኸው ሉኪሚያ የነበረባት አሜሪካዊቷ ልጅ ኤሚሊ ዋይትሄድ ሁለቴ አገርሽቶባት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊላዴልፊያ ውስጥ የራሷ የመከላከያ ሴሎች ካንሰሩን እንዲያጠቁ ተሻሽለው ተሰጧት። ከ10 ዓመት በኋላም በሽታው አልተመለሰም።