ለተማሪ ተብለው የተጻፉ የባሮክ ዘመን አጫጭር የኪቦርድ ድርሰቶች

ፒያኖ መማር የጀመረ ልጅ፣ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያ ኖታዎቹ መሀል አንዲት ሚኑዌት የሚሏት የጭፈራ ዜማ ትደርሰዋለች። ጂ ሜጀር ላይ የተጻፈች፣ በሦስት ምት የምትሄድ ትንሽ ዜማ ናት። ይህች ዜማ ከብዙ እህቶቿ ጋር የመጣችው ከባሮክ ዘመን፣ ማለትም በግምት ከ1600 እስከ 1750 ካለው ጊዜ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ መምህሩ ራሱ አቀናባሪ ነበር። ለተማሪው የሚሆን ኖታ ሲያጣ ቁጭ ብሎ ይጽፍለታል።

ዛሬ በፒያኖ እንጫወታቸው እንጂ ሲጻፉ ለሌላ መሣሪያ ነበር። ሀርፕሲኮርድ ክሩን በላባ ጫፍ ይነካል። የቱንም ያህል ጠንክረህ ብትመታው የድምፁ መጠን እምብዛም አይለወጥም። ክላቪኮርድ ደግሞ ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ የቤት መሣሪያ ነው። ግን የጣትን ጫና ይሰማል፤ ለጀማሪ ጣት ጥሩ አስተማሪ ነበር።

እንግሊዞች እንዲህ ያሉትን ቁራጮች በቀጥታ «ትምህርት» ይሏቸው ነበር። የሄንሪ ፐርሴል ስብስብ እሱ ከሞተ በኋላ በ1696 ሲታተም በዚሁ ስም ነው የወጣው።

ፈረንሳይ ውስጥ ፍራንሷ ኩፐራን በ1716 ስለ ሀርፕሲኮርድ አጨዋወት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ስምንት አጫጭር ፕሪሉዶች፣ ማለትም የመግቢያ ቁራጮች፣ አሉበት። ምክሮቹ ግን ከፕሪሉዶቹ አያንሱም። ልጅ በስድስት ወይም በሰባት ዓመቱ ይጀምር ይላል። እግሩ መሬት ካልደረሰ ከሥሩ የሚረግጠው ነገር ይደረግለት። ሲጫወት ፊቱን የሚያጨማድድ ከሆነ ኖታው ላይ መስታወት ይቀመጥለት። ጀማሪ ልጅ መምህሩ በሌለበት እንዲለማመድም አይፈቅድም። በሦስት ሩብ ሰዓት በጥንቃቄ ያስተማረውን ልጁ በአንድ አፍታ እንዳያበላሸው፣ የመሣሪያውን ቁልፍ ይዞ ይሄድ ነበር! ልጅ ያስተማረ ሰው ጭንቀቱ ይገባዋል።

ወደ ጀርመናዊው አቀናባሪ ወደ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዘመኑ ማንም ከእሱ የበለጠ ለተማሪ የደከመ አይመስለኝም።

ጥር 22 ቀን 1720 ባኽ በኮተን ከተማ ለበኩር ወንድ ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን አንድ ደብተር ከፈተ። ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ደብተሩ ከዜሮ ይነሳል። መጀመሪያ የኖታ ምልክቶች፣ ቀጥሎ የዜማ ማስጌጫዎች ከነአነባበባቸው፣ ከዚያ አንዲት አጭር ልምምድ። በልምምዷ ላይ አባትየው ከየኖታው ጋር የጣት ቁጥር ጽፏል። ቀኝ እጅ በመሀል ጣትና በቀለበት ጣት እየተፈራረቀ፣ 3፣ 4፣ 3፣ 4 እያለ ይወጣል። ለዛሬ ተማሪ ይህ ግራ የሚያጋባ ነው፤ እኛ አውራ ጣትን ከሥር አሳልፈን ነው የምንወጣው። ያ ግን የድሮው ሥርዓት ነበር፤ ባኽ ደግሞ ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ደብተሩ አሁን አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ኢንቬንሽን የሚባሉት የባኽ አጫጭር የኪቦርድ ቁራጮች የመጀመሪያ መልክም እዚሁ ደብተር ውስጥ ነው። በ1723 ባኽ 15 ባለ ሁለት ድምፅ (ሁለት ዜማ በአንድነት የሚሄድባቸው) እና 15 ባለ ሦስት ድምፅ ቁራጮችን አሰባስቦ በንጹሕ ጽሑፍ ገለበጣቸው። በርዕሱ ገጽ ላይ ዓላማውን ዘርዝሯል። ተማሪው ሁለት ድምፅ አጥርቶ እንዲጫወት፣ ቀጥሎ ሦስት እንዲችል፣ ጥሩ ሐሳብ እንዲያገኝና እንዲያሳድገው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደሚዘፍን ሆኖ መጫወትን እንዲለምድ። በዚያውም የማቀናበርን ጣዕም እንዲቀምስ። ለጣት ማፍታቻ ብቻ የተጻፉ አይደሉም የምለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ኢንቬንሽን እንይ። ቀኝ እጅ ብቻውን «ዶ ሬ ሚ ፋ ሬ ሚ ዶ ሶል» ብሎ ይነሳል። ግማሽ ባር ቆይቶ ግራ እጅ ያንኑ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ዝቅ ብሎ ይደግመዋል። ከዚያ ሐሳቡ ይገለበጣል፣ ወደ ሌላ ቅኝት ይሻገራል፣ ተመልሶም ይመጣል። በ22 ባር ያልቃል። ግራ እጅ አጃቢ ሳይሆን እኩል ተናጋሪ ነው። ተማሪውን የሚያስጨንቀውም፣ የሚያሳድገውም ይኸው ነው።

ስለ ባኽ አስተማሪነት ብዙ የሚጠቀሰው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ፎርክል በ1802 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ ነው። እንደ እሱ አባባል ባኽ ጀማሪውን ለወራት የጣት ልምምድ ብቻ ያሠራው ነበር። ተማሪው ሲሰለች ያንኑ ልምምድ ትንሽ ዜማ ውስጥ ሸሽጎ እዚያው ይጽፍለታል። ፎርክል ባኽ ሲሞት የአንድ ዓመት ሕፃን ነበር፤ ወሬውን ያገኘው ከባኽ ልጆች ነው። ስለዚህ ቃል በቃል መያዝ ላያስፈልግ ይችላል። የገርበር ምስክርነት ለባኽ ይበልጥ ቅርብ ነው። ሃይንሪሽ ኒኮላውስ ገርበር ራሱ የባኽ ተማሪ ነበር፤ የገርበር ልጅ እንደጻፈው ትምህርቱ የተጀመረው በኢንቬንሽኖቹ ነው። ባኽ ማስተማር ባላሰኘው ቀን መሣሪያው ላይ ተቀምጦ ራሱ ይጫወትለት ነበር። ለገርበር እነዚያ ሰዓታት እንደ ደቂቃ ያልፉ ነበር።

ከፍሪደማን ደብተር ሌላ የባኽ ሁለተኛ ሚስት የአና ማግዳሌና ሁለት ደብተሮች አሉ፤ አንዱ የ1722፣ ሌላው የ1725። አና ማግዳሌና ሙያዋ ዘፋኝነት ነበር። ሁለተኛው የቤተሰብ ደብተር ነው ማለት ይቻላል፤ ሚኑዌቱ፣ ፖሎኔዙ፣ ማርሹ፣ መዝሙሩ ተደባልቆ ተጽፎበታል። መግቢያው ላይ ያነሳኋት ሚኑዌትም ከዚህ ናት። ደብተሩ ላይ የአቀናባሪ ስም ስላልተጻፈባት ለረጅም ጊዜ የባኽ ተብላ ኖረች። በ1970ዎቹ ግን የድሬስደኑ ኦርጋን ተጫዋች የክርስቲያን ፔትሶልት መሆኗ ታወቀ። ብዙ የኖታ መጻሕፍት እስከ ዛሬ በባኽ ስም ያትሟታል። ባኽን የምንወድ ሰዎች ስሙን ለባለቤቱ ብንመልስ ምንም አይጎድልብንም።

ጣሊያናዊው አቀናባሪ ዶሜኒኮ ስካርላቲ በ1738 ያሳተማቸውን 30 ሶናታዎች «ልምምዶች» ቢላቸውም ለጀማሪ የሚሆኑ አይደሉም።

በአና ማግዳሌና ደብተር ውስጥ የባኽ ልጅ የትንሹ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል የልጅነት ቁራጮችም አሉ። ያ ልጅ በ1753 በርሊን ላይ ስለ ኪቦርድ አጨዋወት ትልቅ መጽሐፍ አወጣ፤ ለመለማመጃም 18 ቁራጮች አያይዞበታል። እዚያ ውስጥ አባቱ የነገረውን ያስታውሳል። አባትየው በወጣትነቱ የሰማቸው ታላላቅ ተጫዋቾች፣ እጅ በሰፊው መዘርጋት ካላስፈለገው በቀር፣ አውራ ጣታቸውን አይጠቀሙም ነበር።