«ራይት» ሁልጊዜ «ቀኝ» አይደለም፦ ስለ እንግሊዝኛ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ አዲስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን በተቀበልኩ ቁጥር ሳልሰማው የማላልፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ተውሳከ ግስ ግስን ብቻ የሚገልጽ ቃል ነው» የሚል። ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በቃል ተይዞ፣ በደብተር ላይ ከሥሩ ተሰምሮበት ይመጣል። ሰሞኑን አንድ አባት የልጁን ደብተር ይዞ መጣና «መምህር፣ ልጄ ያጠናውን ነው የጻፈው፤ ለምን ሰረዙበት?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ «ዘ ስፕሪንግ ኢዝ ራይት ቢሃይንድ ዘ ቸርች» የሚለውን ወደ አማርኛ እንዲመልስ ተጠይቆ፣ «ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በስተቀኝ ይገኛል» ብሎ ነበር። ምንጩ ግን በስተቀኝም በስተግራም አይደለም፤ ልክ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። በዚህ ልጅ ነገር ደብተሩን ካዘጋጀው ሰው ይልቅ የሚወቀሰው «ተውሳከ ግስ» የሚለው ስም ራሱ ይመስለኛል።

«ተውሳክ» ጭማሪ ማለት ነውና «ተውሳከ ግስ» የሚለውን ስም የሰማ ሰው የግስ ጭማሪ ብቻ አድርጎ ቢይዘው አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛውም ስም የመጣው ከላቲኑ «አድቨርቢየም» ሲሆን፣ ላቲኖቹም በተራቸው የግሪኮቹን «ኤፒሬማ» ቃል በቃል ገልብጠው ነው የሠሩት። እንግዲህ ስያሜው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጠባብ ልብስ ነው። የሚለብሰው አካል ግን ሰፊ ነው፤ ተውሳከ ግስ ግስን፣ ቅጽልን፣ ሌላ ተውሳከ ግስን፣ ከዚያም አልፎ ሙሉ መስተዋድዳዊ ሐረግን፣ ማለትም እንደ «ቢሃይንድ ዘ ቸርች» ያለውን በመስተዋድድ የሚጀምር ሐረግ፣ ይገልጻል። ተማሪዎቼን የሚያደናቅፋቸውም ይህ የመጨረሻው ነው።

ማስረጃው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፍ ይገኛል። አንድ ሰው «ዌር ኢዝ ዘ ስፕሪንግ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ራይት ቢሃይንድ ዘ ቸርች» ተብሎ ሊመለስለት ይችላል። በዚህ መልስ ውስጥ አንድም ግስ የለም፤ «ራይት» ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የግስ ጭማሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግሱ ሲጠፋ አብሮት መጥፋት ነበረበት። ሐረጉን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ብንወስደውም «ራይት» አብሮ ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይቀርም። በአንጻሩ «ሂ ራይት ኬም» ብሎ ከግስ ፊት ማስቀመጥ በመደበኛው እንግሊዝኛ ስሕተት ነው። ስለዚህ በዚህ ቦታ «ራይት» የሚያጠብቀው «ቢሃይንድ ዘ ቸርች» የሚለውን ሐረግ ነው፤ ትርጉሙም «ልክ» ነው። እንዲህ ያሉት ተውሳከ ግሶች ሁሉም እንደ «ራይት» ሐረጉ ላይ የተጣበቁ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም፤ «ባክ» ለምሳሌ «ሺ ኬም ባክ» ሲባል ያለ ምንም ሐረግ ይቆማል፣ «ባክ ቱ ደብረ ብርሃን» ሲባል ደግሞ ከሐረጉ ጋር ይጣመራል።

ተማሪው «ባክ»ን «ጀርባ»፣ «ራይት»ን «ቀኝ» የሚለው ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። የእኛ ቋንቋ ይህን ሥራ ለሌላ ቃል ስለሰጠው ነው። እንግሊዝኛው በተውሳከ ግስ የሚለውን አማርኛ በአብዛኛው በግስ ይለዋል፤ «ሺ ዌንት ባክ ቱ ደብረ ብርሃን» ማለት «ተመልሳ ደብረ ብርሃን ሄደች» ነው፤ «ሂ ዌንት ስትሬት ቱ ዘ ማርኬት» ማለት «ቀጥ ብሎ ገበያ ሄደ» ነው፤ «ዘ ባስ ዌንት ራይት ስሩ ዘ ተነል» ደግሞ፣ አውቶቡሱ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩትን የጣርማ በርን ዋሻ «ዘልቆ አለፈ» ማለት ነው። «ተመልሶ»፣ «ቀጥ ብሎ»፣ «ዘልቆ» በአፋችን ላይ ሳሉ ተማሪው መዝገበ ቃላት ገልጦ የስም ትርጉም ይፈልጋል። በክፍል ውስጥ ቃሉን ለብቻው ከማስተርጎም ይልቅ ሙሉውን ድርጊት በአማርኛ እንዲነግሩኝ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ «ቀኝ»ም «ጀርባ»ም እየቀነሱ መጥተዋል፤ ለወላጆችም የምመክረው ይህንኑ ነው።

«አፕ» ወይም «ዳውን» ካለ «ኢን» አያስፈልግም የሚሉም አሉ። «ሂስ ብራዘር ሊቭስ ዳውን ኢን ሸዋ ሮቢት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ድግግሞሽ ነው» ብሎ ያረመ ባልደረባ አጋጥሞኛል፤ ያውም ቆላና ደጋው በአንድ ጀንበር በሚታይበት በሰሜን ሸዋ! ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው «ታች ሸዋ ሮቢት» ሲል ማንም ድግግሞሽ አይለውም፤ «እላይ መንዝ» ሲባልም እንዲሁ። «ኢን» ቦታውን ይነግረናል፤ «ዳውን» ደግሞ ቦታው ከተናጋሪው አንጻር ወዴት እንደሆነ ይጨምርልናል። ተናጋሪው አፋር ሆኖ ቢሆን «ዳውን» በ«አፕ» ይለወጥ ነበር፤ «ኢን» ግን ባለበት ይቆያል።

ሁለት መስተዋድድ ጎን ለጎን አይቆምም የሚለው ደግሞ ረጅም መልስ አያሻውም፤ «ፍሮም ቢሃይንድ ዘ ቸርች» ትክክል ነው፣ እኛም «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መጣ» እንላለን።

«ቬሪ» የትም ይገባል የሚለው እምነት የመጣው ከ«በጣም» ነው። «በጣም ጥሩ» እንላለን፣ «በጣም ከታች» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለቱን ይለያል። «ቬሪ» ከቅጽልና ከተውሳከ ግስ ጋር ይሄዳል፤ የቦታና የመጠን ሐረግ ሲሆን ግን ሥራው የ«ፋር» እና የ«ዌል» ነው። ሸዋ ሮቢት ከጣርማ በር በጣም ታች ነው ለማለት «ፋር ቢሎው ጣርማ በር» እንጂ «ቬሪ ቢሎው» አይባልም፤ የደብረ ብርሃን ከፍታ ከ2,500 ሜትር እጅግ ይበልጣል ለማለትም «ዌል ኦቨር» ነው። እንደ «ቬሪ ማች ኢን ላቭ» ባለው አነጋገር ሐረጉን የሚያጠብቀው «ማች» ነው፤ «ቬሪ» የሚያጠብቀው «ማች»ን ነው።

«በፍጥነት» የሚለውን «ኢን ፋስት» ወይም «ዊዝ ፋስት» እያሉ የሚጽፉልኝም ብዙ ናቸው። አማርኛ ራሱን የቻለ ተውሳከ ግስ ጥቂት ብቻ ስላለው «በፍጥነት»፣ «በቀስታ»፣ «በጥንቃቄ» እያለ ሥራውን በመስተዋድድ ይሸፍናል፤ «ፋስት» ግን ብቻውን በቂ ነው፣ ፊቱ ላይ «በ» አይለጠፍለትም።

አሁን ወደ ጊዜ ልምጣ፤ ከ«ራይት» ቀጥሎ የሚያስመርረኝ እዚህ ላይ ነውና። «ከሁለት ቀን በፊት» ማለት «ቢፎር ቱ ዴይስ» ነው ብለው የሚያምኑት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ዲግሪ የያዙ ሰዎችም በማመልከቻቸው ላይ ይጽፉታል። በእንግሊዝኛ መጠኑ የሚቀመጠው ከመስተዋድዱ በፊት ነው፤ «ቱ ዴይስ» እንደ ተውሳከ ግስ ሆኖ የሚቀጥለውን ሐረግ ይለካል። «ቱ ዴይስ ቢፎር ጥምቀት» ሲባል «ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው» ማለት ነው፤ «ቴን ኪሎሜትርስ ቢዮንድ ደብረ ሲና» ሲባልም «ደብረ ሲናን አልፎ አሥር ኪሎ ሜትር» ማለት ነው። የሚለካው ከአሁኑ ሰዓት ወደ ኋላ ከሆነ ግን «ቢፎር» ይቀርና «አጎ» ከመጠኑ በኋላ ይገባል። አማርኛ «ከሁለት ቀን በፊት» ብሎ የሚሸፍነውን እንግሊዝኛ በሁለት ቃል ከፍሎታል።

ጎብኝዎችን ወደ መንዝ የሚያጅብ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሆኖ መኪና ለሚጠብቅ እንግዳ «ዘ ካር ሊቭ ቢፎር ቱ አወርስ» የሚል መልእክት ላከ። ማለት የፈለገው ከደብረ ብርሃን ከተነሣ ሁለት ሰዓት ሆኖታል ነው። የግሱንም ጊዜ ስቶ ስለነበር፣ እንግዳው መኪናው ወደ ፊት የሚነሣ መሰለው፤ «ቢፎር ቱ» የሚለውንም በራሱ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት፣ አድርጎ ወሰደውና ሜዳውን ሊያይ ወጣ። መኪናው ደርሶ እስከ ቀትር ሲጠብቀው ዋለ። ልጁ ታሪኩን እየሳቀ ሲነግረኝ እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝና። መልእክቱን በወረቀት ላይ አስጻፍኩትና አብረን አረምነው፦ «ዘ ካር ሌፍት ደብረ ብርሃን ቱ አወርስ አጎ።»