የኩባንያ የኦንላይን ምዝገባ ምንድን ነው?

አንድን ድርጅት በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው የሚያደርገውን ምዝገባ ቢሮ ሳይሄዱ በኢንተርኔት መጨረስ ነው። ኩባንያው ከተመዘገበ በኋላ በራሱ ስም ይዋዋላል፣ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ከሆነም ዕዳው በመሠረቱ የራሱ እንጂ የባለቤቶቹ አይደለም። ይህ ሁሉ በስልክ ሲያልቅ ቀላል ይመስላል። የቀለለው ግን ደጅ ጥናቱ ነው፤ ሕጉ እንዳለ ነው።

ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል። በአብዛኛው መጀመሪያ የሚታየው ስም ነው፣ ብዙ ሰውም እዚሁ ይሰናከላል። የመረጣችሁት ስም ቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር ከተቀራረበ ሊመለስባችሁ ይችላል። «ባንክ» ወይም «ኢንሹራንስ» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ በብዙ አገሮች የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላም አለ፦ ስሙ ተመዘገበ ማለት የንግድ ምልክታችሁ ተጠበቀ ማለት አይደለም። ያ ሌላ መዝገብ ነው። ሎጎ ከማሠራታችሁ በፊት ሁለቱንም እዩ።

ከዚያ የኩባንያው ዓይነት፣ አድራሻ፣ ባለአክሲዮኖችና ዳይሬክተሮች ይሞላሉ። ብዙ ፖርታሎች ዝግጁ የመተዳደሪያ ደንብ ያቀርባሉ። ብቻውን ለሚያቋቁም ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን ዝም ብላችሁ «እስማማለሁ» የሚለውን አትጫኑ። አንዱ ልውጣ ቢል አክሲዮኑን ማን ይገዛል? በስንት ይገዛል? ድምፅ እኩል ለእኩል ቢሆን ማን ይወስናል? በዚህ ላይ ጠበቃ ማማከር ገንዘብ ማባከን አይመስለኝም። የቀረው ፊርማ፣ ክፍያና የምስክር ወረቀት ነው።

ለዓመታት ፉክክሩ በፍጥነት ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቋረጠው «ዱዊንግ ቢዝነስ» ሪፖርት አገሮችን ኩባንያ ለማቋቋም በሚፈጀው ቀን ጭምር ያወዳድር ነበር። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ባስጀመረችው ኢ-ሬዚደንሲ (ለውጭ ዜጎች በሚሰጥ ዲጂታል መታወቂያ) የውጭ ዜጋ ባለበት ሆኖ እዚያ ኩባንያ መክፈት ቻለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ዝግጁ ቅጽ ለሚጠቀሙ ግለሰቦች ምዝገባው በ5 የሥራ ቀናት እንዲያልቅ አዘዘ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጥቷል፦ ቅጹን የሞላው ማን ነው? እንግሊዝ ጥሩ ማሳያ ናት። መዝጋቢው የተጻፈለትን እንዳለ ይቀበል ስለነበር በሐሰተኛ ስምና በማያውቁት ሰው አድራሻ ኩባንያ የሚከፍቱ ነበሩ። በ2023 በወጣ ሕግ መሠረት ግን ከኖቬምበር 18 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ ዳይሬክተር ማንነቱን ማረጋገጥ ግዴታው ሆኗል። ከአክሲዮኑ ጀርባ ያለውን እውነተኛ ባለቤት ማሳወቅም በብዙ አገሮች ግዴታ ነው። ሂደቱን ትንሽ ያንዛዛዋል፣ ቢሆንም ተገቢ ነው እላለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ቀድመው የሚመጡት ድረ ገጾች ብዙ ጊዜ የመንግሥት ሳይሆኑ የደላላ ናቸው። አገልግሎታቸው ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ግን በራሳችሁ ለምትጨርሱት ነገር ተጨማሪ ትከፍላላችሁ።

የምስክር ወረቀቱ ከደረሳችሁ በኋላም ሥራ አለ። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በሕንድ፣ የግብር መለያ ቁጥሩ ከምዝገባው ጋር አብሮ ይወጣል፤ በሌሎች ለብቻው ይጠየቃል። የሥራ ፈቃድ የሚያስፈልገው ዘርፍ ከሆነ እሱም ሌላ ማመልከቻ ነው። ዓመታዊ ሪፖርት ደግሞ በብዙ አገሮች ምንም ሽያጭ ያልጀመረ ኩባንያ እንኳ ያቀርባል፤ ካዘገየ ይቀጣል።