ሪዳክሽን ምንድን ነው? የኤፕስቲን ፋይሎች እና የአሜሪካኖቹ ስርዝ ድልዝ

የጨረታ ማስታወቂያ አንብቦ የሚያውቅ ሰው «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይወጣታል። እኔም አንዴ አንዲት ቁጥር በእስክሪብቶ አስተካክዬ ሄጄ ከመስኮት ተመልሻለሁ። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝ። «ፓራፍ የለውም» አለ፣ ከስርዙ ጎን አልፈረምክም ማለቱ ነው፣ አለቀ።

የኤፕስቲን ፋይሎች የሚባሉትን ከፍቼ ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ይሄን ቢያይ ምን ይል ይሆን? ገጹ ላይ ቀን አለ፣ ሰዓት አለ፣ «ከ» እና «ለ» የሚል አለ፣ ከዚያ የከሰል ጡብ የመሰለ ጥቁር ሳጥን። ከሥሩ ሌላ ሳጥን። መጨረሻ ላይ «አመሰግናለሁ»።

ያ ጥቁር ሳጥን ሪዳክሽን ይባላል። ስርዝ ድልዝ ነው፣ ግን ሕጋዊ። ሰነድ ለሕዝብ ሲለቀቅ መታየት የሌለበትን ክፍል ብቻ ሸፍኖ ሌላውን ማውጣት ማለት ነው። ከመደበቅ ይለያል። የተደበቀ ሰነድ መኖሩንም አታውቁም፤ የተጠቆረው ግን «እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፣ አላሳያችሁም» እያለ ፊት ለፊት ይነግራችኋል። ሰውን የሚያበግነውም ይሄው ነው።

ጉዳዩን ላልተከታተለ ባጭሩ (ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም በፈረንጅ ናቸው)። ጄፍሪ ኤፕስቲን ኒው ዮርክ ውስጥ በገንዘብ ሥራ የከበረ፣ ትልልቅ ሰዎችን የሚያውቅ ሰው ነበር። በ2005 ፍሎሪዳ ፓልም ቢች ውስጥ የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቤተሰቦች ልጃችን ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል ብለው ለፖሊስ አመለከቱ፣ ምርመራውም ሲቀጥል ሌሎች ልጆች ተገኙ። በ2008 ከአቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ በቀላል ክስ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ 18 ወር ተፈርዶበት 13 ወር ገደማ ታሰረ፣ እሱንም ቀን ቀን ቢሮው እየዋለ። በሐምሌ 2019 እንደገና ተያዘ። ነሐሴ ላይ በእስር ክፍሉ ሞቶ ተገኘ፣ የአስከሬን መርማሪዋም ራሱን አጥፍቷል አለች። የቅርብ ሰዉ ጊሌን ማክስዌል በ2021 ጥፋተኛ ተባለች፣ በ2022 ደግሞ 20 ዓመት ተፈረደባት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተጠራቀመው ወረቀት ነው እንግዲህ «ፋይሎቹ» የሚባለው። አንድ ፋይል አይደለም። የፖሊስ ቃል አለ፣ ኢሜይል አለ፣ የአውሮፕላን መንገደኞች መዝገብ አለ፣ የባንክ ወረቀት አለ፣ ፎቶ አለ፣ ማንም ያላጣራው ጥቆማም አለ። ስለዚህ ስሙ እዚያ ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ ተከሳሽ ነው ማለት አይደለም። ተከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ሹፌሩም፣ አንዴ ኢሜይል የጻፈውም እዚያው አሉ።

በኅዳር 2025 የአሜሪካ ምክር ቤት የፍትሕ ሚኒስቴር ይሄን ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲለቅ የሚያስገድድ ሕግ 427 ለ1 አሳለፈ። አዎ፣ አንድ ሰው ብቻ ተቃወመ። እኔን የሳበኝ ግን ስለ ጥቁሩ ቀለም የሚያወራው ክፍል ነው። የተጎጂዎችን ማንነት ሸፍኑ ይላል፣ የሕጻናት ጥቃት ምስል አታውጡ ይላል፣ በሂደት ላይ ያለ ምርመራ የሚያበላሽ ነገር ለጊዜው መያዝ ይቻላል ይላል። አንድን ሰው ያሳፍራል፣ ስሙን ያጠፋል ወይም ፖለቲካው ያስቸግራል ተብሎ ግን አንዲት መስመር መሸፈን አይቻልም፣ ሰውየው የፈለገው ባለሥልጣን ቢሆንም። ከዚያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ስርዝ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ፣ ይታተምም ይላል።

ይቺ ነች ፓራፏ! ሰርዘህ ከሆነ ከጎኑ ፈርም፣ ለምን እንደሰረዝክም ተናገር።

ታኅሣሥ 19 ቀን የመጀመሪያው ሲለቀቅ ምን ሆነ? ከወጡት ውስጥ አንዱ ባለ 119 ገጽ ሰነድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥቁር ነበር። የኒው ዮርክ ግራንድ ጁሪ ይላል ርዕሱ፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብለው በዝግ የሚወስኑት ዜጎች የሰሙት ቃል ማለት ነው። 119 ገጽ! የሰው ትዕግሥት የሚያልቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንዱ ሳጥን ጭራሽ ሳጥን አልነበረም። ቨርጂን ደሴቶች ላይ በኤፕስቲን ውርስ ላይ ከተከፈተ የፍትሐ ብሔር ክስ የመጣ አንድ ሰነድ ነበር። ሰዎች ጥቁሩን በማውስ መርጠው፣ ኮፒ አድርገው፣ ባዶ ገጽ ላይ ፔስት ሲያደርጉት ጽሑፉ ቁጭ አለ። ጥቁሩ ከላይ የተለጠፈ ነበር እንጂ ከሥር ያለው አልጠፋም። በትክክል የተሠራ ሪዳክሽን ፊደሉን ከፋይሉ ውስጥ ነቅሎ ያወጣል፤ ይሄኛው በድስት ላይ ጨርቅ ጣል እንደማድረግ ነው።

ከዚህ የባሰው (ወይም የበለጠ የሚያስቀው) የ2020ው ነው። ማክስዌል በ2016 በአንድ ክስ የሰጠችው ቃል ሲለቀቅ ስሞች ተጠቁረው ነበር። ከኋላ ግን ቃላቱን ሁሉ በፊደል ተራ፣ ከነገጻቸው የሚዘረዝር ማውጫ ነበረው። እሱም ላይ ስሞቹ ተጠቁረዋል፣ ተራቸው ግን እንዳለ ቀረ። ጋዜጠኞች በዚያ ብቻ ብዙዎቹን ስሞች ፈቱት።

በኛ ፊደል እንሞክረው። ማውጫው ላይ «አልጋ» አለ፣ ቀጥሎ የተጠቆረ ቃል አለ፣ ቀጥሎ «አስር» አለ። አበበ ሊሆን አይችልም፣ «በ» ከ«ሰ» በኋላ ነውና። አልማዝም አትሆንም፣ «መ» ከ«ገ» ስለሚቀድም ከአልጋ በፊት ትመጣ ነበር። ስለዚህ አማረ፣ አምሳሉ፣ አረጋዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሳጥኑ አጭር ከሆነ አማረ ነው። ገጹን ገልጣችሁ ስለምን እንደሚወራ ስታዩ ደግሞ የትኛው አማረ እንደሆነም ታውቃላችሁ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይፈታዋል።

ብዙ ሰው ከጥቁሩ ሥር ያለው ሁሉ የአንድ ትልቅ ሰው ስም ይመስለዋል። የፍትሕ ሚኒስቴርና ኤፍቢአይ በሐምሌ 2025 ባወጡት ማስታወሻ ግን የተጎዱት ሰዎች ከ1,000 በላይ ናቸው ብለዋል። የእነዚህ ሰዎች ስም፣ ስልክ፣ የያኔው ትምህርት ቤታቸው በየገጹ ተበትኗል። ቀለሙ መጀመሪያ የተፈቀደው ለነሱ ነው።

እና ጥር 30 ቀን 2026 ከ3 ሚሊዮን በላይ ገጽ፣ 2,000 ቪዲዮና 180,000 ምስል በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ የተበላሸው ይሄኛው ጎን ነው። የወንዶች ስም በተሸፈነባቸው ፋይሎች ውስጥ የተጎጂዎች ስም ሳይሸፈን ወጣ። በየካቲት ደግሞ ያልተሸፈነውን እንዲያዩ የተፈቀደላቸው የምክር ቤት አባላት «እነዚህ ያለ አግባብ ተሸፍነዋል» ያሏቸው የስድስት ወንዶች ስም በምክር ቤቱ ጮክ ተብሎ ተነበበ። አራቱ ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኙ ሆነው ተገኙ፤ ፖሊስ ለምስክር «ከነዚህ ውስጥ ለዪ» ብሎ ከደረደራቸው ፎቶዎች ውስጥ የነበሩ ናቸው። ያኔ ከሳጥኑ ጎን «የመለያ ፎቶ ላይ ያለ ሰው» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ኖሮ ማንም ባልነካቸው ነበር።

የተጎጂዎቹ ጠበቆች ጮኹ፣ ሚኒስቴሩም በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ከድረ ገጹ አነሳ። ቀድሞ ያወረዳቸው ሰው ኮምፒውተር ላይ ግን አሁንም አሉ።