ኦሽን ሲቲ ከልጆች ጋር፦ ስለ ባሕሩ የሚወራውና እውነታው

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲጀምር ዲሲና አካባቢው ባለ ሀበሻ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? መልሱ ብዙ ጊዜ ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ነድተህ አትላንቲክ ዳር ትደርሳለህ፣ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ አሸዋ ይጠብቅሃል። ከመሄድህ በፊት ግን ቡና ላይ የሚሰጥህ ምክር ግማሹ ልክ አይደለም። የሚገርመኝ ደግሞ በማያስፈራው ነገር እያስፈራሩ፣ የሚያስፈራውን "ኧረ ምንም አይልም" ብለው ማለፋቸው ነው።

"ለመግቢያ ያስከፍላሉ።" አያስከፍሉም። ኒው ጀርሲ ውስጥ ብዙ ከተሞች ባሕር ዳር ለመግባት ባጅ ይሸጣሉ፣ ወሬውም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ኦሽን ሲቲ ግን አሸዋው ለሁሉም ነጻ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ፓርኪንግና ሆቴል ነው።

"ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም።" ይቻላል። እንጀራውንም ፍርፍሩንም ይዘህ ግባ፣ ማንም አይጠይቅህም። የተከለከለው አልኮል ነው፣ ቢራ በኩለር ደብቆ መግባትም ያስቀጣል። ጉዞው ፍልሰታ ላይ ከዋለ (ከኦገስት 7 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው፣ ልክ ባሕሩ በሚሞቅበት ወቅት) "የጾም የሚበላ የለም" የሚሉህንም አትስማ። ቦርድዎኩ (ባሕሩ ዳር ያለው የእንጨት የእግረኛ መንገድ) ላይ ከ1929 ጀምሮ ያለው ትራሸርስ የሚባለው ድንች ቤት ድንቹን የሚጠብሰው በለውዝ ዘይት ነው፣ የሚያቀርበውም በጨውና በአቼቶ። ኬቻፕ አትጠይቅ፣ የላቸውም። ልጅህ የለውዝ አለርጂ ካለበት ግን ይለፍህ።

"እናቴ የዋና ልብስ አትለብስም፣ ምን ልታደርግ ትመጣለች?" እትዬ በቀሚስና በነጠላ ጃንጥላ ስር ተቀምጠው ቢውሉ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚውል ሰው ሞልቷል። ብቻ በረጅም ቀሚስ ወይም በጂንስ ውሃ ውስጥ ጠለቅ ብሎ መግባት አይሆንም፣ ልብሱ ሲርስ ይከብዳል፣ እግርም ያስራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

"ልጆቹ እስከ ጉልበታቸው ብቻ ነው የሚገቡት።" ብዙ ወላጅ በዚህ ተማምኖ ስልኩን ያወጣል። ኦሽን ሲቲ ላይ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያው ጥልቀት የሌለው ቦታ፣ አሸዋው አፍ ላይ ነው። ልጅን ቀርቶ ደልዳላ ጎልማሳን አንስቶ በጭንቅላቱ አሸዋ ላይ ይተክላል፣ የአንገትና የአከርካሪ ጉዳት የሚደርሰውም በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጀርባህን ለማዕበሉ አትስጥ፣ ፎቶ ለመነሳትም ቢሆን። በጭንቅላት መወርወር ፈጽሞ አይሞከርም። ትንሽ ልጅ ካለህ ደግሞ እጅህን ዘርግተህ ከምትይዘው ርቀት እንዳይወጣ። ክንድ ላይ የሚደረጉት በአየር የሚነፉ ነገሮችም መጫወቻ እንጂ የሕይወት ጃኬት አይደሉም።

"ዋና እችላለሁ፣ ላንጋኖ ነው ያደግኩት።" ላንጋኖ ሐይቅ ነው፣ ሶደሬ ገንዳ ነው። እዚህ ያለው ሪፕ ከረንት የሚባለው ነገር ነው። ማዕበሉ ወደ ዳር ገፍቶ ያመጣው ውሃ በአንድ ጠባብ ቦታ ተሰብስቦ ወደ ባሕሩ ሲመለስ፣ በመንገዱ ያገኘውን ሰው ይዞት ይሄዳል። ሰው እንደሚያስበው ወደ ታች አይጎትትም፣ ወደ ውስጥ ነው የሚወስድህ። የሚገድለው ድንጋጤውና ቀጥታ ወደ ዳር ለመዋኘት የምትታገለው ትግል ነው፣ ጎበዝ ዋናተኛም ይደክማል። ከያዘህ ተረጋጋ፣ ተንሳፈፍ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተህ ከፍሰቱ ውጣ፣ ከዚያ ወደ ዳር ተመለስ። ካልቻልክ እጅህን አውለብልብና ጩኽ። ላይፍጋርዶቹ (ዋናተኞችን የሚጠብቁት) በሰመር ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት 5:30 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወንበራቸው ላይ ናቸው። እነሱ ሳይኖሩ አትግባ። እንደደረስክም "ዛሬ ባሕሩ እንዴት ነው?" ብለህ ጠይቃቸው፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

"እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ አያቃጥለንም።" ሜላኒን ይረዳል፣ ግን ሙሉ ጋሻ አይደለም። አዲስ አበባ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ እኛም አልተቃጠልንም የሚል ሰው አዲስ አበባ እያለ ሸሚዙን አውልቆ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተጋድሞ አያውቅም። ባሕር ዳር ብርሃኑ ከአሸዋውና ከውሃው አረፋ ላይ እየነጠረ ተመልሶ ያገኝሃል፣ ደመናም ብዙውን አያስቀረውም። ሰንስክሪን በየሁለት ሰዓቱ፣ ከውሃ ሲወጡም እንደገና ይቀባል። የሕፃናቱን ጆሮና የእግር ጀርባ አትርሳ።

"አሸዋ ላይ ሲጫወቱ እንኳ ልረፍ።" ጉድጓድ ካልቆፈሩ እረፍ። ጥልቅ ጉድጓድ ተደርምሶ ሰው ይቀብራል። የከተማው ደንብ ቀላል ነው፣ ከቡድኑ በቁመት ከሚያንሰው ሰው ጉልበት በላይ አይቆፈርም።

"ሜይ ላይ ሞቋል፣ እንሂድ።" አየሩ ይሞቃል፣ ውቅያኖሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። በሜይ መጨረሻ ገና ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ደስ የሚለው ኦገስት ላይና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ከሌበር ዴይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) በኋላ ሰውም ይቀንሳል።

"አሳቲግ ያሉት ፈረሶች ለማዳ ናቸው።" አሳቲግ ደሴት ነው፣ ከከተማው ቅርብ ነው፣ ማየትም ያዋጣል፣ የመኪና መግቢያ ግን ይከፈላል። ፈረሶቹ የዱር ናቸው። ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ። ቢያንስ 12 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፣ ብስኩት መስጠትም ክልክል። የትንኝ መከላከያም ያዝ።

"ቅዳሜ ጠዋት ከወጣን መንገዱ ክፍት ነው።" ሁሉም እንደዚያ አስቦ ነው የሚወጣው። ወደ ኦሽን ሲቲ ስትሄድ የምታቋርጠው ትልቁ ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ ላይ ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ይቆለላል፣ እሑድ ማታ ደግሞ በመልሱ። የድልድዩ ክፍያ ሲሄዱ ብቻ ነው፣ ሲመለሱ የለም። በጥሬ ገንዘብም አይቀበሉም፣ ኢዚፓስ (መኪናው ላይ የሚለጠፍ የመንገድ ክፍያ መሣሪያ) ከሌለህ ቤትህ ድረስ ከፍ ያለ ሂሳብ ይልኩልሃል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ፈቃድ ማግኘት ከቻልክ ያኔ ሂድ፣ ሆቴሉም ይረክሳል።