የፓይክ ፕሌስ ገበያ የቅምሻ ጉብኝት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሲያትል የሚኖር ሐበሻ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣለት ወይ ስፔስ ኒድል የሚባለው ማማ ይወስደዋል፣ ወይ ፓይክ ፕሌስ። ፓይክ ፕሌስ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል መሐል ከተማ፣ ከኤሊየት የባሕር ወሽመጥ በላይ ባለው ገደል ጫፍ የተሠራ የሕዝብ ገበያ ነው። ስለ ቦታው በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ ገበያውንና በውስጡ የሚካሄደውን የምግብ ቅምሻ ጉብኝት አንድ ላይ ያያል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጉብኝቱ ቀላል ነገር ነው። አንድ አስጎብኚ አሥርም አሥራ አምስትም ሰው ይዞ ሁለት ሰዓት ያህል ከሱቅ ሱቅ ያዞራል። በየሱቁ ትንሽ ትንሽ ይቀመሳል፣ በመሐል ታሪክ ይወራል። ሱቆቹ ቀድሞ ስለሚነገራቸው ቅምሻውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ሠላሳ ደቂቃ የሚሰለፍበትን ወረፋ አልፎ መግባት አለ። ገበያው ጫጫታ ስለሆነ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰጡም አሉ። ከታወቁት አስጎብኚ ድርጅቶች አንዱ ሴይቨር ሲያትል በ2007 የተጀመረ ሲሆን፣ በኋላ ሌሎችም ገብተዋል፤ ሼፎች የሚመሩት፣ ገበያው ሳይሞላ በጠዋት የሚጀምር፣ የቸኮሌት ብቻ የሆነም አለ። በ2020 ኮቪድ ሁሉንም ሲዘጋ ሴይቨር ሲያትል የገበያውን ምግብ በካርቶን አሽጎ ቤት ለቤት ወደ ማድረስ ዞረ።

ገበያው ለምን እንደተቋቋመ ለመረዳት ከሽንኩርት መጀመር ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን የሲያትል አካባቢ ገበሬ ምርቱን በቀጥታ ለበላተኛው አይሸጥም ነበር። ዌስተርን አቬኑ ላይ ላሉ ጅምላ ተቀባዮች ያስረክባል፣ እነሱ ደግሞ በፈለጉት ዋጋ ያወጡታል። ገበሬው አንዳንዴ የጋሪውን ወጪ እንኳ ሳያገኝ ይመለሳል፤ ከተማ ያለችው እመቤት ደግሞ በውድ ትገዛለች። ከ1906 እስከ 1907 የሽንኩርት ዋጋ አሥር እጥፍ ሆነ። ሰው መረረው። ቶማስ ሬቬል የተባለ የከተማው ምክር ቤት አባል ገበሬውና ገዢው ያለ ደላላ ይገናኙ የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሣ፣ ምክር ቤቱም ተስማማ።

ገበያው ኦገስት 17 ቀን 1907 ተከፈተ። ቅዳሜ ነው፣ ዝናብ ነው። የመጡት ጋሪዎች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ስምንት የሚልም አለ፣ አሥር የሚልም አሥራ ሁለት የሚልም አለ። ገዢው ግን ጎረፈ። አሥር ሺሕ ሰው ወጣ የሚለው ቁጥር በየቦታው ይደጋገማል፤ ማን እንደቆጠረው ግን እንጃ። እርግጡ ነገር ምርቱ እኩለ ቀን ሳይሆን ማለቁና ብዙ ሰው ዘንቢሉን ባዶውን ይዞ መመለሱ ነው። ይህን ያየ ፍራንክ ጉድዊን የሚባል፣ በካናዳው ክሎንዳይክ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ገንዘብ ያገኘ ሰው ከወንድሞቹ ጋር አካባቢውን ይዞ ነበርና ወዲያው ጣሪያ ያለው መደብ መሥራት ጀመረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ የመጀመሪያው ሕንፃ ተመረቀ።

እስከ 1930ዎቹ ድረስ ገበያው እየሰፋ፣ በገደሉ ላይ ፎቅ በፎቅ እየተደራረበ ሄደ።

የመደቡ ሰው ማን እንደነበር ግን በደንብ መታወቅ አለበት። ጣልያኖች ነበሩ፣ ከቱርክና ከሮድስ ደሴት የመጡ ሴፋርዲ አይሁዶች ነበሩ፣ ፊሊፒኖዎች ነበሩ። ከሁሉም የበዙት ጃፓናውያን ገበሬዎች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከመደቦቹ ሁለት ሦስተኛው፣ እንዲያውም ሰማንያ ከመቶው የእነሱ ነበር የሚሉ ግምቶች አሉ፤ ግምቶቹ ይለያዩ እንጂ አብላጫው የእነሱ መሆኑ አያከራክርም። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። 120 ሺሕ ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ አሜሪካዊ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገቡ። ፓይክ ፕሌስም መደቡ ባዶ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ መሬታቸውንም ቦታቸውንም መልሰው ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። በ1999 አኪ ሶጋቤ የተባለች ሠዓሊ የሠራችው፣ የእነዚህን ገበሬዎች ታሪክ የሚያሳይ ባለ አምስት ክፍል ሥዕል ከዋናው መግቢያ በላይ ተሰቅሏል። ደህና አስጎብኚ እዚህ ጋ ያቆማል። ሥዕሉን ሳያሳይ በቀጥታ ወደ ቦምቦሊኖው የሚሮጥ አስጎብኚ ከገጠማችሁ እናንተው ቀና ብላችሁ እዩት።

ከጦርነቱ በኋላ ሱፐርማርኬትና የቤት መኪና መጡ፣ ሕዝቡ ወደ ዳርቻ ወጣ፣ ገበያው ተዳከመ። በ1963 አካባቢ አፍርሶ ሆቴል፣ ቢሮ፣ አፓርታማና ትልቅ የመኪና ማቆሚያ የመሥራት ዕቅድ ቀረበ። ዕቅዱን የከተማው አስተዳደርም የመሐል ከተማው ነጋዴም ደገፈው። በተቃራኒው የቆመው ቪክቶር ስታይንብሩክ ነው፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር መምህር፣ በስፔስ ኒድል ንድፍም እጁ ያለበት ሰው። እሱና ጓደኞቹ በ1964 የገበያው ወዳጆች የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ስታይንብሩክ ገበያው ውስጥ እየተቀመጠ ሰዉን፣ መደቡን፣ ደረጃውን በእስክሪብቶ ይሥል ነበር። ፊርማ አሰባሰቡ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ሸቀጥ ሸጡ። ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና ኖቬምበር 2 ቀን 1971 ሲያትል ገበያው ይጠበቅ ብሎ ወሰነ። ሰባት ኤከር የሚሆነው ቦታ ታሪካዊ ክልል ሆነ፤ በ1973 ደግሞ ገበያውን የሚያስተዳድር ሕዝባዊ ድርጅት ተቋቋመ። በሰሜን በኩል ባሕሩን የሚያየው መናፈሻ ዛሬ በስታይንብሩክ ስም ይጠራል።

የዛሬው ቅምሻ የሚጣፍጠው በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው። በታሪካዊው ክልል ውስጥ ምን ዓይነት ሱቅ ይከፈት፣ ምን ይሸጥ፣ ሰሌዳው ምን ይምሰል የሚለውን የሚወስን ኮሚሽን አለ። የሰንሰለት ሱቅ በአብዛኛው አይፈቀድም። የገበሬው መደብ ላይ የሚቆመው አምራቹ ራሱ፣ ቤተሰቡ ወይም ሠራተኛው መሆን አለበት፤ የገበያው መፈክርም አምራቹን ተዋወቁ የሚል ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ከ400 በላይ ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አረጋውያን፣ ከሱቆቹ በላይ ባሉ ቤቶች ይኖራሉ። ክሊኒክ፣ የሕፃናት ማቆያና ለተቸገረ ምግብ የሚሰጥበት ቤትም አለ። ከታች ቱሪስቱ ሎብስተር ሲያነሣ ከላይ አንዲት አሮጊት ሻይ አፍልተው መስኮት ላይ ተቀምጠዋል። ብዙ ከተማ ይህን ማድረግ አቅቶታል።

ወደ ምግቡ እንምጣ። የጉብኝቱ መሥመር እንደ ድርጅቱ ይለያያል፣ አንዳንድ ማቆሚያዎች ግን በብዛት ይደጋገማሉ።

ዴይሊ ደዘን የሚባለው ቦምቦሊኖ ቤት ከመግቢያው አካባቢ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ማሽኑ ግን ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉም ይታያል። ከላይ ቀለበት የሠራ ሊጥ ጠብ ይልና የጋለ ዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ብረት ከሥሩ ገብቶ ይገለብጠዋል፣ መጨረሻው ላይ ቀልቶ ይወጣል። ሠራተኛው ደርዘኑን ወረቀት ከረጢት ውስጥ አስገብቶ ከስኳርና ቀረፋ ጋር ያንቀጠቅጠዋል። ትኩሱን ነው መብላት፤ ከቀዘቀዘ ነገሩ ሌላ ነው።

ቢቸርስ የቺዝ ቤት በ2003 ተከፈተ። ቺዙ የሚሠራው መንገድ ዳር፣ በመስታወት ጀርባ ነው። ሠራተኞቹ ነጭ ለብሰው ትልቅ ገንዳ ውስጥ የረጋውን ወተት ሲያማስሉ፣ ሲቆርጡ፣ ጨው ሲነሰንሱ ከውጭ ቆሞ ማየት ይቻላል። ዋናው ቺዛቸው ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። ቅምሻው ላይ የሚሰጠው አንዳንዴ ገና ያልበሰለው ትኩስ ቁራጭ ነው፤ ጥርስ ላይ ሲጥ ይላል። ከእኛ አይብ ጋር ማወዳደር አያስፈልግም፣ መንገዱ ለየብቻ ነው።

ፒሮሽኪ ፒሮሽኪ ከኢስቶኒያ የመጡ ባልና ሚስት በ1992 የከፈቱት ዳቦ ቤት ነው። ሊጡ ውስጥ ሥጋ፣ ጎመን፣ ድንች ወይም ሳልመን ይሞላል፤ የሳልመኑ በዓሣ ቅርጽ ነው የሚጋገረው። ፓይክ ፕሌስ ቻውደር የዓሣና የባሕር ምግብ ሾርባ ቤት ነው፣ ሮድ አይላንድ ኒውፖርት በሚደረገው ውድድር በተደጋጋሚ አሸንፏል። ማርኬት ስፓይስ ከ1911 ጀምሮ ቅመምና ሻይ ይሸጣል። በሩ ላይ ስትደርሱ ቅርንፉድና ቀረፋው ያውዳል፣ የብርቱካንና ቀረፋ ሻዩ ስኳር ሳይገባበት ይጣፍጣል። በበጋ ደግሞ የቼሪ ገበሬዎች ቢጫና ቀይ የተቀላቀለበትን ሬኒየር ቼሪ ያቀምሳሉ፤ ደህና ከገዛችሁ ምራቂ የሚጨምር ገበሬም አይጠፋም። የአበባው መደብ በብዛት የሕሞንግ ቤተሰቦች ነው፤ ከላኦስ በስደት መጥተው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ገበያውን የያዙ።

ዓሣ ውርወራው የታወቀ ነው። ገዢው ይመርጣል፣ አንዱ ትእዛዙን ይጮኻል፣ ሌሎቹ ተቀብለው በአንድ ድምፅ ይደግሙታል፣ ሳልመኑ በአየር ላይ ሄዶ ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው እጅ ላይ ያርፋል። ጆን ዮኮያማ ውርወራው የታወቀበትን የዓሣ ሱቅ በ1965 ገዝቶ ለአሥርት ዓመታት ከያዘ በኋላ በ2018 ለራሱ ሠራተኞች ሸጠላቸው። ውርወራው የተጀመረው ባንኮኒውን በየጊዜው ላለመዞር፣ እግር ለማዳን ነው ይባላል። ከፊት ለፊቱ ራሔል የምትባለው 250 ኪሎ ያህል የምትመዝን የነሐስ አሳማ አለች። የገንዘብ ማጠራቀሚያ ናት፤ ከ1986 ጀምሮ የሚገባባት ሳንቲም ለገበያው ማኅበራዊ አገልግሎቶች ይውላል።

አሁን ቡናው። የስታርባክስ የመጀመሪያ በሚባለው ሱቅ ፊት ወረፋው መንገዱን ይሞላዋል። ያ ሱቅ ግን በትክክል የመጀመሪያው አይደለም። ድርጅቱ በ1971 የተከፈተው 2000 ዌስተርን አቬኑ ላይ ነበር፣ ወደ 1912 ፓይክ ፕሌስ የመጣው በ1976 ነው። ያኔ ሥራው በዋናነት የተቆላ ቡና መሸጥ ነበር እንጂ እንደ አሁኑ ማኪያቶ አልነበረም። አስጎብኚዎቹ ይህን ይናገራሉ። ብዙ ጊዜ የማይናገሩት ለእኛ የሚቀርበውን ክፍል ነው።

በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሥራውን የመራው በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ሥር የነበረው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነው። ስታርባክስ ቀደም ብሎ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር የኢትዮጵያን ማመልከቻ ተቃወመ፤ ስታርባክስ ከተቃውሞው ጀርባ አለበት ተባለ፣ ድርጅቱም አስተባበለ፣ ይህ ለየሰዉ ፍርድ ይተው። በ2006 ኦክስፋም የተባለው የተራድኦ ድርጅት ዘመቻ ከፈተ፣ ነገሩ ዓለም አቀፍ ወሬ ሆነ። በጁን 2007 ስታርባክስ ስሞቹን የኢትዮጵያ ንብረት አድርጎ የሚያውቅ የፈቃድ ስምምነት ከመንግሥት ጋር ፈረመ። ስምምነቱ ለገበሬው ኪስ ምን ያህል ጨመረ የሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። ስሙ ግን የማን እንደሆነ ተለይቷል፤ ያም ትንሽ ነገር አይደለም። እዚያ ወረፋ ላይ ለቆመ ዘመድ ይህን መንገር ጊዜውን ያሳጥርለታል።

ለሐበሻ ጎብኚ የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች። ቻውደሩ ውስጥ ክላም የሚባለው የዛጎል እንስሳ ይገባል፣ ብዙ ጊዜ ቤከንም አለበት። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ለማይበላ ኦርቶዶክስም፣ የአሳማ ሥጋ ለማይነካ ሙስሊምም ሳይጠይቁ ማንኪያ ማንሣት አይደለም። የኮኮናት ወተት ያለው ከእንስሳ ነገር ነፃ የሆነ ሾርባም አላቸው። በጾም ጊዜ ለአስጎብኚው ስትመዘገቡ ቪጋን ነኝ ማለት በቂ ነው፤ የጾምን ዝርዝር ማስረዳት ውስጥ ካልገባችሁ ሁሉም ይቀላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ደረጃና ቁልቁለት ይበዛዋል፤ አሳንሰር ስላለ እናት አባት ይዞ ለሚሄድ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ከ2024 ጀምሮ ከገበያው እስከ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰፊ የእግር መንገድ ተከፍቷል። ለአስጎብኚው ከ15 እስከ 20 ከመቶ ቲፕ መስጠት የተለመደ ነው። በበጋ ቅዳሜና እሑድ መተላለፊያ ስለማይኖር የሥራ ቀን ጠዋት ይመረጣል። ዝናብ ጉብኝቱን አያስቀረውም፣ አብዛኛው በጣሪያ ሥር ነው። ገበያው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ የሚዘጋው በታንክስጊቪንግና በፈረንጆች ገና ነው።